ቡላና ዳለቻ

ማዳም ቤቱን ልትሸጥ መሆኑን የሰማሁት ስኳሯን ስለካ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቷን ወግቼ ደሟን በመለኪያው ላይ አደርጋለሁ፤ ከሌላ ሰው እጅ አትወድም። የዚያን ቀን ስልኳን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከትልቋ ልጇ ጋር ታወራ ነበር። ልጅቷ «ኸላስ፣ በቃ እማማ፣ ለአንድ ሰው ስምንት ክፍል ምን ያደርጋል? ይሸጥና እኔ ጋ ነይ» አለቻት። ማዳም «እሺ፣ ኢንሻአላህ፣ ደላላው ይምጣ» አለችና ዘጋችው።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

ቁጥሩን አየሁት፣ ግን አላነበብኩትም። እንደገና ወጋኋት።

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ አይገባም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ትምህርት ቤት እንኳ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት መምህሩ ሰሌዳ ላይ ውጪ ሲለኝ እግሬ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ አባቴም «ካልወደደችው ትተወው» አለ። ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም ይባላል። ዶሃ ሁሉም ነገር ሜዳ ነው፤ መሮጫ ግን የለውም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ በማዳም ስም ነው። ማዳም ባለችበት አለሁ፣ በሌለችበት የለሁም።

ዶሃ ዳር ረያን በሚባለው ሰፈር፣ በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ ቤቱ ሙሉ ነበር። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ አግብተው ወጡ፤ ባባ፣ የማዳም ባል፣ አረፈ፤ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። እሷ በሰፊው ሳሎን አንድ ጥግ ትቀመጣለች፣ እኔ ያልቆሸሸውን ሳጸዳ እውላለሁ። ሀገር ቤት ደግሞ አንዲት ልጅ አለችኝ። ነርስ ልትሆን ጤና ኮሌጅ ትማራለች፤ ያን ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ይቀራት ነበር። ከእኔ በቀር የሚያስተምራት የለም። የማዳም ትልቋ ልጅ ቤት ሁለት ሠራተኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በዒድ እየሄድኩ አግዣቸዋለሁ። ሦስተኛ ለምን ይፈልጋሉ? ቤቱ ከተሸጠ እኔ ወደ ሀገሬ፣ ልጄ ከትምህርቷ። በቃ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት።

ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ለአንዲት ጓደኛዬ ነገርኳት። ኦልድ ኤርፖርት የሚባል ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ምላሷ የማይፈራ ሴት ናት።

«ጠይቂያታ!» አለችኝ። «ትወስጂኛለሽ ወይስ ትሸኚኛለሽ በያት። አፍሽን ምን ለጎመው?»

«እንዲያው ብጠይቃት... ትመልስልኛለቻ።»

«እህሳ?»

«አሁን እኮ ገና አልመለሰችም።»

ጓደኛዬ ግንባሬን በመዳፏ ነካ አድርጋ «ትኩሳት የለሽም፤ እንዲያው ነሽ ማለት ነው» አለችና ጥላኝ ገባች። እኔ ግን የምለው ይገባኛል። ያልተጠየቀ ነገር መልሱ ገና አልወጣም። ባልጠየቅሁ ቁጥር አንድ ቀን እጨምራለሁ፤ የአንድ ቀን ትምህርት ለልጄ። ለእመቤቴም ተሳልኩ፤ ልጄ እስክትመረቅ ካቆየሽኝ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኳት።

ደላላው መጣ። ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። በየክፍሉ እየዞረ ስልኩን እያነሳ ፎቶ ሲያነሳ ቆየና ፊቱን አኮማተረ። ነገሩ እውነቱን ነው። ሳሎኑ እንደ ሰናፍጭ ቢጫ ነበር። የእንግዳ መቀበያው መጅሊስ አረንጓዴ ነው፤ ጣሪያው በዑድ ጭስ ጠይሟል። የሴቶቹ ልጆች ክፍል ሮዝ፣ የወንዶቹ ሰማያዊ።

«ማዳም፣» አላት፣ «ቤት የሚገዛ ሰው ሲገባ የራሱን ቤት ማየት አለበት፤ የአንቺን አይደለም። ሁሉንም በፈካ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም አስቀቢው።»

ሲወጣ ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ሰማሽው? ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት እንዳልኖርኩበት አድርጊው ነው የሚለኝ። አረንጓዴውን ባባ ነው የመረጠው።» እንባዋ መጣ፣ መልሳ ዋጠችው። እኔም አዘንኩላት፣ ለራሴም አዘንኩ፤ የትኛው ሐዘን ለማን እንደሆነ አላወቅሁም።

በማግሥቱ ቀለም ቀቢው ሰናይያ ከሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በፒክአፕ መጣ። በሩን ስከፍትለት በዐረብኛ ሰላምታ ሰጠኝና ቆም ብሎ አየኝ።

«ሐበሻ ነሽ?»

«ታዲያ ምን እመስላለሁ?»

«እንዲያው ስታኮርፊ ሳይ ነው የገመትኩት። የሌላ አገር ሰው የማያውቀውን አያኮርፍም።»

ከእኔ ትንሽ የሚያንስ፣ ጥፍሩ ሥር ሁሌም ነጭ ቀለም ያለበት ሰው ነው። ጎጃሜ መሆኑን በአነጋገሩ አወቅሁ። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በመስኮቱ ትይዩ፣ ስድስት ትናንሽ አራት ማዕዘን በሮለር ቀባ፤ ከየሥራቸው ቁጥር በእርሳስ ጻፈ። ለእኔ ስድስቱም ነጭ ነበሩ። «ጠጋ በይ» አለኝ። ጠጋ ስል አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ሮዝ፣ አንዱ ወደ ውኃ ይሄዳል።

«ዛሬ ለምን ዝም ብለህ አትቀባም?» አልኩት።

«ቀለም ማታና ጠዋት አንድ አይደለም። ጠዋት እህትሽን ይመስላል፣ ማታ አማትሽን። ማዳም ማታም ጠዋትም አይታ ትምረጥ፤ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ማታ ማዳም መብራቱን እያበራች እያጠፋች አየቻቸው። ልጇንም በስልክ አሳየቻት። በመጨረሻ ከሁሉ ነጭ በሆነው ጎን ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጠፈችና «ይሄው፣ ኸላስ» ብላ ልትተኛ ገባች። ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ልትወጣ ስትል «ደላላው ሊለካ ይመጣል፤ ሳሎኑ ንጹሕ ይሁን» አለችኝ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ የእኔ ጉድለት ነበር። የጣት ምልክት፣ ልጆች የሞነጫጨሩት ቀለም፣ የኳስ ዱካ፣ ሶፋው ላይ የተደገፈ የራስ ቅባት። ማዳም አንድም ቀን አልተናገረችኝም፤ እኔው ነኝ ያየሁትን ሳላጠፋ የማልተኛ። ያን ጠዋት ሳሎን ስገባ ያየሁት ስድስት ጥፍጥፍና አንድ ቁራጭ ፕላስተር ነው። መረጠች አይደል? ኸላስ አለች አይደል? ደላላው እንዲህ ተለጣጥፎ ሊያየው ነው? ባልዲዬን አመጣሁ። ሙቅ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ትንሽ ኮምጣጤ። የድሮው ቢጫ የዘይት ቀለም ስለነበር አዲሱ አልያዘውም ነበር፤ በስፖንጅ ስፈትገው እንደ ወተት ስልባቦት እየተጠቀለለ ወረደ። የእርሳሱንም ቁጥር በላጲስ አጠፋሁ። ፕላስተሩን ላጥኩ። ከዚያ ሸሸት ብዬ አየሁትና፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ቀቢው ባልዲና መሰላል ይዞ ገባ። ግድግዳውን አየ። መሰላሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«የት ሄደ?»

«ምኑ?»

«ቀለሙ ነዋ።»

«አጠብኩት።»

«አጠብሽው።»

«ደላላው ሊመጣ ስለሆነ...»

መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤» አለ፣ «ቀለም የሚልጥ ዝናብ አይቻለሁ፣ ፀሐይ አይቻለሁ፣ ፍየል ስትልስም አይቻለሁ። እንዳንቺ ያለ አላየሁም። የትኛውን ነበር የመረጠችው?»

አውቄዋለሁ። ከሁሉ ነጩን። ግን ስድስቱም ከሄዱ በኋላ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ከየት አመጣለሁ? ቁጥሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እጄ ላይ ያለው ስፖንጅ ውኃው እየተንጠባጠበ ምንጣፉን አረጠበው። በዚያች ደቂቃ ያየሁት ሻንጣዬን ነው። ቤቱ ሳይሸጥም ልትሸኘኝ ነው አልኩ። አንዲት ሠራተኛ ምን ብታጠፋ ነው የምትባረረው? ይኸን ነው።

«ልትዋሽላት ትችላለህ?» አልኩት። «ራሱ ወደቀ በላት።»

«ስድስቱም ተስማምተው?» አለኝ።

በዚህ መሐል የማዳም መኪና ገባ። ማዳም በዱላዋ እየተመረኮዘች ሳሎን ገባችና ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ስፖንጁን አየች። ዐረብኛዬ ጠፋኝ። «ማዳም፣ እኔ... ቆሻሻ መስሎኝ... አይደለም፣ ቆሻሻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን...»

ሶፋው ላይ ተቀመጠችና አባያ ቀሚሷን ከጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ትከሻዋ መነቅነቅ ጀመረ፤ ታለቅሳለች ብዬ ስጠጋ ለካ እየሳቀች ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ስቆጭ ነው ያደርኩት። ልጄን ደስ ይበላት ብዬ ነው ያን ነጭ የመረጥኩት። አሁን ከሆስፒታል ነው የመጣሁት፤ ግድግዳው ሁሉ ያው ነጭ ነው። ቤቴ ገብቼ ደግሞ በሽተኛ ልሁን?» ቀቢውን «ያንን የቀለም ካርድ ስጣት» አለችው።

«ለማን?» አልኩ እኔ።

«ላንቺ። እኔ እነዚህ ግድግዳዎች ፊት ተቀምጫለሁ እንጂ ነክቼያቸው አላውቅም። የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ። የትኛው እንደሚያምር፣ የትኛው እንደሚቆሽሽ ንገሪው። ያላ፣ በይ።»

ካርዱ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ነው፤ ቀለሞቹ እንደ ጥፍር ተደርድረውበታል። ሦስተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የወጣሁ ያህል ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ካርዱን ይዤ ስቆም ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ ክፉ ነበር። አስቀያሚውን ብመርጥስ? ሰው ገብቶ አይቶ የሚወጣበትን፣ አንድ ዓመት ተኩል ሳይሸጥ የሚያቆየውን? ማን ያውቅብኛል? መሀይም ናት ይላሉ እንጂ ተንኮለኛ ናት አይሉም። ጣቴ አንድ ወይን ጠጅ ላይ ሄዶ ቆሞ ነበር።

አባቴ የበሬ ነጋዴ ነበር። ገበያ ከመውጣቱ በፊት በሬውን ያጥባል፣ ቀንዱን በቅቤ ያሻል፣ ከዚያ በላይ ምንም አያደርግም። ጠባሳ ያለበትን በሬ ጭቃ ቀብተው የሚሸጡ ነበሩ። እሱ ግን «ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያጥበው ምን ሊለኝ ነው?» ይል ነበር። ደግሞም በሬ በቀለሙ ነው የሚጠራው፤ ከአባቴ የተማርኩት ትምህርት ቢኖር እሱ ነው። ቦቃ፣ ቡሬ፣ ጉራቻ፣ ዳለቻ፣ ቡላ። ቡላ ማለት የገብስ ነዶ ሲደርቅ የሚሆነው ቀለም ነው፤ ነጭ ነው ስትለው ቀላ የሚል፣ ቀይ ነው ስትለው የሚፈካ። አባቴ ቡላ በሬ ገበያ ላይ አያድርም ይል ነበር። አቧራ ቢነካውም ያው ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ያምራል።

ወይን ጠጁን ተውኩት። ገልጬ ገልጬ ቡላውን አገኘሁ። «ይሄን» አልኩ። «ጣት ሲነካው አያጋልጥም፣ እንደ ነጩም አይቀዘቅዝም። ለሳሎንም፣ ለኮሪደርም፣ ለመኝታውም። መጅሊሱን ግን...» ወደ ማዳም ዞርኩ፤ «መጅሊሱን በጣም ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ። የባባን ያህል ሳይሆን፣ የባባን የሚመስል።»

ማዳም ቀና ብላ አየችኝ። ለቀቢውም «የምትልህን ሥራ» አለችው።

ቀቢው በአማርኛ «አንቺ ሴት ኢንጂነር ነሽ ለካ» አለኝ።

ካርዱን ልመልስ ስል ማዳም «ቆዪ» አለች። «አንድ ደግሞ ለትንሽ ክፍል ምረጪ። ልጄ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው። መስኮቷ ትንሽ ናት። የሠራተኛ ክፍል ናት፤ የትኛው ይሻላታል?»

እዚያ ቤት ያሉት ሁለቱ ሠራተኞች ፎቅ ላይ ነው የሚተኙት፤ ያቺ ክፍል የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። አሁን ተጠርጋ ልትቀባ ነው ማለት አዲስ ሠራተኛ ሊመጣ ነው። ማዳምን የምትንከባከብ፣ ጣቷን የምትወጋ፣ ወጣት፣ ደመወዟ ያነሰ። ያላየኋትን ሴት በዓይኔ አየኋት። ፀጉሯ ሳይቀር ታየኝ። ቀናሁባት።

«ይሄ» አልኩ። ዳለቻው ላይ ጣቴን አኖርኩ፤ ዝናብ የመታው አህያ የሚመስለው ላይ። «ቆሻሻ አያሳይም።»

ማዳም መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው። «አይጨልምም?»

«ለሠራተኛ ጥሩ ነው። ብርሃን ምን ያደርግላታል፤ ለመተኛት ነው የምትገባው።»

ቀቢው በአማርኛ ዝቅ ብሎ «ምነው እህቴ፣ ሰው ልታስሪበት ነው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ጻፍ።»

«እስር ቤት እኮ እንኳ ሰማያዊ ነው።»

«ጻፍ አልኩህ!»

ጻፈ። እኔም ከልቤ ጥግ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ያሳፍረኛል ግን ደስ አለኝ።

ቅቡ ስምንት ቀን ፈጀ። ቀቢው ሁለት ጓደኞቹን አመጣ። እኔ ባልዲና ጨርቅ ይዤ በገባሁ ቁጥር «የቀለም ጠላት መጣች፤ ቀለሙን ደብቁ!» ይላል። ጓደኞቹ አማርኛ አይችሉም፣ ግን ነገሩን ነግሯቸው ስለነበር ግድግዳውን በጀርባቸው ይከልሉታል። እኔም አንድ ቀን እውነት መስዬ ስፖንጄን አነሳሁና አንዱ ከመሰላሉ ሊወድቅ ነበር። እንዲያ የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ምሳ የጾም በያይነቱ ሠርቼ አበላኋቸው፤ ቀቢው እንጀራውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። የቀለሙ ሽታ ግን ጓሮ እስካለችው ክፍሌ ይመጣል፤ ማታ ስተኛ ቀለም ይሸተኛል፣ ከቀለሙ ጋር ፍርሃቴ ይመጣል። ቤቱ እያማረ በሄደ ቁጥር የእኔ ቀን እያጠረ ነው።

ሲያልቅ ሳሎኑን ጠዋት ከፈትኩት። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ ተኝታለች። ቡላ። ሰናፍጩ ሳለ አንድም ቀን እንዲህ ቆሜ አይቼው አላውቅም። ማዳም ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ከዚያ መጅሊሱ ገባች፤ እዚያም ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ገበያ ላይ አያድርም» አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ።

አላደረም። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች «እናስብበታለን» ብለው ሄዱ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ሁለተኞቹ ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ነበሩ። አንደኛዋ ሕፃን በብስኩት እጇ የሳሎኑን ግድግዳ ለጠፍ አደረገችው። እናትየው ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ፣ ጨርቄን ይዤ ሮጥኩ። ጠረግሁት፤ ምንም የለም። ሴትዮዋ ባሏን አየችው፣ «ይሄን ግድግዳ እወደዋለሁ» አለችው። ያን ጊዜ እንደሚገዙት አወቅሁ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ደላላው ወረቀት ይዞ መጣ፤ ማዳም ፈረመች።

ይኸን ሁሉ ጊዜ አልጠየቅሁም። የማዳምን ልብስ አጣጠፍኩ፣ ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ ጠቀለልኩ፣ የባባን ዱላ ለብቻው በፎጣ አሰርኩ። በመጨረሻ የራሴን ሻንጣ ሸከፍኩ። አውሮፕላን ላይ እንዳይበጠስ ገመድ አዞርኩበት። ለልጄ ምንም አልነገርኳትም፤ ፈተና ላይ ነበረች።

የዕቃው መኪና በመጣ ቀን ሻንጣዬን በሩ አጠገብ፣ ከሌላው ዕቃ ለየት አድርጌ አስቀመጥኩ። ማዳም አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሻንጣዬ።»

«ለምንድን ነው እንደ በግ የታሰረው?»

ገመዱን ልፈታ ጎንበስ ስል፣ «ከሌላው ጋር ይጫን፣ ያላ» ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። መንገዱ ወደ ኤርፖርት ይታጠፋል ብዬ በየመብራቱ ስጠብቅ መኪናው ልጇ ቤት ደጃፍ ቆመ።

ልጅቷ በሩ ላይ ተቀበለችን፤ እናቷን ሳመች፣ ለእኔም «ነይ፣ ክፍልሽን ላሳይሽ» አለችኝ። በወጥ ቤቱ አልፈን ከጀርባ ያለችውን በር ከፈተች።

ዳለቻ። አራቱም ግድግዳ። ዝናብ የመታው አህያ። አዲስ አልጋ፣ አዲስ ቁም ሣጥን፣ በመስኮቷ የምትገባ ትንሽ ብርሃን፤ ግድግዳው ደግሞ ብርሃኗን ጥርግ አድርጎ ጠጥቷታል።

ማዳም በዱላዋ እየተመረኮዘች ከኋላ ደረሰች። «ወደድሽው? እኔ ጨለማ ነው ብዬ ነበር፤ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ተውኩት።»

«ይሄ... የእኔ ነው?»

«የማን ሊሆን ነው?»

«ለአዲሷ ሠራተኛ መስሎኝ...»

«የቷ አዲሷ?» ማዳም ልጇን አየች፣ ልጇ ማዳምን አየች። ከዚያ ማዳም ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ሲገባት አየሁ። «ቆይ፣ ቆይ። ለሌላ ሴት መስሎሽ ነው ይሄን የመረጥሽላት?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ክፉ!» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደግ ናት፣ አላህ የላከልኝ ናት እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ! ያቺ ምስኪን ምን አደረገችሽ? ብርሃን ምን ያደርግላታል አላልሽም?» እየሳቀች አልጋዬ ላይ ተቀመጠች፤ ስኳሯ ይወርዳል ብዬ ፈራሁ።

«ማዳም፣ ትሸኚኛለሽ ብዬ ነው። ስላልነገርሽኝ።»

«እንዴት አልነገርኩሽም? የክፍልሽን ቀለም ጠየቅሁሽ። ከዚህ ወዲያ ምን ልበልሽ?» ጣቷን ዘረጋችልኝ። «በይ፣ አሁን ለኪኝ። ራሴን አዞረኝ።»

ሻንጣዬ ከመኪናው ገና አልወረደም ነበር፤ መለኪያው ግን ከቦርሳዬ አይለይም። ወጋኋት። ቁጥሩን በደንብ አነበብኩት፤ ጥሩ ነበር።

በሳምንቱ ቀቢው የአጥሩን በር ሊቀባ ሲመጣ ክፍሌን አይቶ ምን ያህል እንደተሳለቀብኝ አልናገርም። ወዲያው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለዓርብ ጓደኛዬ ላከላት፤ ስልኳን ከየት እንዳገኘ እስካሁን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ማዳም በሌላ ቀለም አስቀቢው አለችኝ። አልፈለግሁም። እንዲህ ያለ ቀለም ለሌላ ሰው ቆርጬ ከሆነ እኔም ልተኛበት አልኩ፤ እንቅልፌ ደግሞ ከድሮው ይሻላል።

ልጄ አሁን የመጨረሻዋን መንፈቅ ጀምራለች። በቪዲዮ ስንደዋወል አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከኋላዬ ግድግዳው ይታያታል። «እማ፣ ይሄ ግድግዳ ምን ነካው? ዛሬም ደመና ነው?» ትለኛለች። «ደመና ነው» እላታለሁ። የጃንጥላዬን ስለት ታውቃለች፤ «ጃንጥላውማ እዚያው ለራስሽ ያስፈልግሻል» ትላለች።

ፍርሃቴ አልሄደም። የማዳም ስኳር ከፍ ሲል እፈራለሁ፣ ልጄ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር እፈራለሁ፣ የኢቃማ ማሳደሻ ሲደርስ እፈራለሁ። ግን ስለ ዳለቻው ቀለም፣ ቆሻሻ አያሳይም ብዬ የነገርኳቸው እውነት ሆኖ ተገኘ። እዚህ ክፍል ከገባሁ ይኸው ዘጠኝ ወሬ ነው፤ አራቱን ግድግዳ አንድም ቀን አላጠብኳቸውም።